ወደ ጅሬን ብቻችሁን አትውጡ

ስለ ጥንት ቤተ መንግሥት ሲወራ አብዛኞቻችን ዓይን ላይ ድቅን የሚለው ድንጋይ ነው። የጎንደር ግንብ፣ የአክሱም ሐውልት፣ የላሊበላ ውቅር አብያተ ክርስቲያናት። ስልካችን ላይ በየሳምንቱ ብቅ የሚለው የፔሩው ማቹ ፒቹም ያው ተራራ ላይ የቀረ ድንጋይ ነው። ድንጋይ አንድ ጥሩ ነገር አለው። ምንም ሳታውቁ ሄዳችሁ ፊቱ ብትቆሙ እንኳን ያስደምማችኋል።

ጅማ ላይ ይሄ አይሠራም። ከከተማዋ መሀል ሰባት ኪሎ ሜትር ገደማ ወጣ ብሎ፣ ጅሬን ኮረብታ ላይ፣ የዳግማዊ አባ ጅፋር ቤተ መንግሥት አለ። የቆመው በእንጨትና በጭቃ ነው። ዋናው ሕንጻ ፎቅ አለው፤ ሰፊ ሰገነቱና የተጠረበው እንጨቱ ዓይን ይይዛል። ግን የጎንደርን ግንብ እያሰባችሁ ከመጣችሁ በሃያ ደቂቃ ዞራችሁት "በቃ ይሄው ነው?" ብላችሁ ልትወርዱ ትችላላችሁ። እንዲህ ብሎ የወረደ ጓደኛ የሌለው የጅማ ልጅ ያለ አይመስለኝም።

ችግሩ ቦታው ላይ አይደለም። የዚህ አገር ነገሥታት የኖሩት በእንጨት፣ በቀርከሃ፣ በሣርና በአፈር ቤት ነበር። እንጨት ይበሰብሳል፣ ሣር ይቃጠላል፣ አፈር በዝናብ ይታጠባል። ስለዚህ ከዚያ ዘመን የቀረው አብዛኛው ነገር የሚገኘው መሬት ላይ ሳይሆን ሰው አፍ ላይ ነው። ጎንደር ላይ አስጎብኚ ብትይዙ ጉብኝቱ ይደምቃል። ጅማ ላይ ግን አስጎብኚ ካልያዛችሁ ጉብኝቱ የለም ማለት ይቻላል። ይህን ጽሑፍ የምጽፈውም ለዚህ ነው፤ ወደ ጅሬንና ወደ ዙሪያው የቡና ከተሞች ለመሄድ ያሰበ ሰው ከሆቴሉና ከአውቶቡሱ በፊት ሊያስብበት የሚገባው ነገር አብሮት ኮረብታውን የሚወጣው ሰው ማን እንደሆነ ነው።

ኮረብታው ላይ ያለው

መጀመሪያ ስሙን እንፍታው። "አባ ጅፋር" የፈረስ ስም ነው። አፄ ቴዎድሮስ "አባ ታጠቅ"፣ አፄ ምኒልክ "አባ ዳኘው" እንደሚባሉት ሁሉ የጅማ ነገሥታትም የሚታወቁት በጦር ፈረሳቸው ስም ነው። የጅማ መንግሥት የተመሠረተው በ1830 (እ.ኤ.አ.) ገደማ በቀዳማዊ አባ ጅፋር ነው። ከሊሙ እናርያ፣ ከጎማ፣ ከጉማና ከጌራ ጋር ሆኖ አምስቱ የጊቤ መንግሥታት ከሚባሉት አንዱ ነበር።

ጅሬን ላይ ቤቱን የምናየው ዳግማዊው አባ ጅፋር ሥልጣን የያዙት በ1878 (እ.ኤ.አ.) ሲሆን ዕድሜያቸው ገና አሥራ ሰባት ገደማ ነበር። አሁን ይህን ከሚያነቡት ብዙዎቹ በዚያ ዕድሜ የማትሪክ ፈተና ጭንቀት ላይ ነበሩ። እናታቸው ገኔ ጉሚቲ ብልህ አማካሪያቸው እንደነበሩ ይነገራል። ከምኒልክ ጋር ጦር ከመማዘዝ ይልቅ ግብር መክፈልን መረጡ፤ በምላሹም የውስጥ አስተዳደራቸውን ይዘው ቆዩ። ጎረቤት መንግሥታት አንድ በአንድ ሲወድቁ ጅማ ራሷን እያስተዳደረች እስከ 1932 (እ.ኤ.አ.) ዘለቀች። ሃምሳ ዓመት ያለፈ ንግሥና መሆኑ ነው።

ይህን ሁሉ ሳታውቁ ስትቆሙ የምታዩት ሰገነት "አሮጌ በረንዳ" ነው። ስታውቁት ግን አንድ ንጉሥ ከላይ ሆኖ ችሎት የሚያይበት፣ ሕዝብ ከታች የሚሰበሰብበት ቦታ ይሆንላችኋል። የእንጨት ሥራውም እንዲሁ። ዛሬ ጅማ ከተማ ውስጥ የሚሸጠውን ዱካ አይታችሁ ከሆነ፣ ከአንድ ግንድ ተፈልፍሎ የሚወጣውን ማለቴ ነው፣ የእጅ ሙያው ከየት እንደመጣ ጅሬን ላይ ይገባችኋል። በግቢው አካባቢ ያለው መስጊድ ደግሞ የሰው መስገጃ እንጂ የሙዚየም ዕቃ አይደለም። ንጉሣዊው ቤተሰብ ይገለገልባቸው የነበሩ ዕቃዎችን ለማየት ወደ ከተማው ወርዳችሁ የጅማ ሙዚየም መግባት ይኖርባችኋል። ቤቱ አንድ ቦታ፣ ዕቃው ሌላ ቦታ ነው ማለት ነው። ሁለቱን የሚያገናኝላችሁ ሰው ያስፈልጋል።

ቤተ መንግሥቱ በቅርብ ዓመታት ጥገና ተደርጎለታል፤ ደስ ይላል። ጥገና ግን ግድግዳን ነው የሚያድነው። ግቢው በዘመኑ ከዛሬው እጅግ የሰፋ፣ ብዙ ቤቶች የነበሩበት ነበር። ዛሬ የምታዩት የተረፉትን ጥቂት ሕንጻዎች ብቻ ነው። "እዚህ ጋ ምን ነበር?" ብላችሁ ባዶ ሣር ላይ ስትጠይቁ የሚመልስላችሁ ግድግዳው አይደለም።

የማይታየው ፍርስራሽ

ነገሩ ከጅሬን አልፎ ሲሄድ ይብሳል። የጊቤ መንግሥታት ድንበራቸውን የሚጠብቁት በሁለት ነገር ነበር። አንደኛው "ሞጋ" ነው፤ በሁለት መንግሥታት መካከል ሆን ተብሎ ሰው እንዳይሰፍርበት የሚተው ባዶ መሬት። ሁለተኛው "ኬላ" ነው፤ በሞጋው ውስጥ የሚያሳልፈው በር። ነጋዴ በኬላ ሳያልፍ መግባት አይችልም፣ ቀረጥ ሳይከፍል ማለፍ አይችልም። ከአዲስ አበባ ጅማ ስትመጡ መታወቂያ የምትጠየቁበትን ቦታ ዛሬም ኬላ ነው የምንለው። ቃሉ አለ፣ በሩ የለም።

የዘመኑ መንገደኛ ኬላን እንደ ቀልድ አያይም ነበር። አንቶኒዮ ቼኪ እና ጆቫኒ ኪያሪኒ የተባሉ ሁለት ጣሊያናውያን አሳሾች በ1870ዎቹ (እ.ኤ.አ.) መጨረሻ ወደ ካፋ እናልፋለን ብለው ጌራ ላይ ተይዘው ቀሩ። ኪያሪኒ እዚያው ሞተ፤ ቼኪ ከብዙ ጊዜ በኋላ ወጥቶ መጽሐፍ ጻፈ። ዛሬ ከአጋሮ ወደ ጌራ ስትሄዱ ዓይናችሁ የሚያየው ጫካ፣ ቡናና ማር ብቻ ነው። ሰው የታሰረበት ቤትም ሆነ የተዘጋ በር የለም። የሚያውቅ ሰው አጠገባችሁ ከሌለ አንድ ሙሉ ታሪክ በመኪና መስኮት ያልፋችኋል።

ሊሙ ላይም ያው ነው። የሊሙ እናርያ ዋና የንግድ ከተማ ሰቃ በ19ኛው ክፍለ ዘመን መካከል ከየአቅጣጫው የሲራራ ነጋዴ የሚራገፍባት ነበረች። ፈረንሳዊው አንትዋን ዳባዲ በ1843 (እ.ኤ.አ.) አካባቢውን ጎብኝቷል። በዚያ ዘመን የዱባይን ያህል ስም የነበራት ቦታ ዛሬ ጎግል ማፕ ላይ ብትፈልጓት ብዙም የምታገኙት ነገር የለም። ወደ ደቡብ ወርዳችሁ ካፋ ስትገቡ ደግሞ የጥንቱን መንግሥት የጠበቀው ጥልቅ ቦይ ነበር። ምሽግነቱን የሚነግራችሁ ሰው ከሌለ ቦይ ለማንም ቦይ ነው፤ ጎርፍ የቆፈረው ነው የሚመስለው።

ሰው ያዳነው ቤት

ይህ የእኛ ችግር ብቻ አይደለም። ኡጋንዳ፣ ካምፓላ ውስጥ የካሱቢ መቃብሮች የሚባል ቦታ አለ። በ1882 (እ.ኤ.አ.) የቡጋንዳ ንጉሥ ቤተ መንግሥት ሆኖ የተሠራ፣ ከሁለት ዓመት በኋላ ደግሞ የነገሥታቱ መቃብር የሆነ ግዙፍ የሣር ቤት ነው። የተሠራው ከእንጨት፣ ከሸምበቆና ከሣር ነው። ዩኔስኮ በ2001 (እ.ኤ.አ.) በዓለም ቅርስነት መዘገበው። መጋቢት 2010 (እ.ኤ.አ.) ላይ በአንድ ሌሊት እሳት በላው።

ድንጋይ ቢሆን ኖሮ ፍርስራሹ ይቀር ነበር። የካሱቢ ግን አመድ ነው የሆነው። ሆኖም ቤቱ እንደገና ተሠራ፤ በ2023 (እ.ኤ.አ.) አደጋ ላይ ካሉ ቅርሶች ዝርዝርም ወጣ። እንዴት? ጣሪያውን መክደን የአንድ ጎሣ ውርስ ሙያ ነበርና እውቀቱ በሕይወት ባሉ ሰዎች ውስጥ ነበር። ቤቱ ተቃጠለ፣ የሚያውቁት ሰዎች አልተቃጠሉም።

አሁን ጥያቄውን ወደ ጅሬን እንመልሰው። የጅሬንን እንጨት ማን እንደጠረበው፣ የትኛው ክፍል ለምን እንደሆነ፣ ሣሩ ላይ ምን ቤት እንደነበር የሚያውቁት ስንት ሰዎች ናቸው? ዕድሜያቸውስ ስንት ነው? ልጆቻቸው ያንን መማር የሚፈልጉበት ምክንያት አላቸው ወይ? ለአንድ ወጣት የአያቱን ታሪክ ማወቅ እንጀራ ካልሆነለት ባጃጅ መንዳት ይሻለዋል። አልፈርድበትም፤ እኔም ብሆን የማደርገው ያንኑ ነው።

አስጎብኚ የሚሸጠው ምንድን ነው?

ኢኮኖሚክስ ስለተማርኩ ነገሩን በቡና ላስረዳ። ከጅማ አካባቢ ለዓለም ገበያ የሚወጣው ቡና ሁለት ስም አለው። አንዱ "ጅማ 5" ነው፤ ከነገለባው የደረቀ፣ በገፍ የሚሸጥ፣ ከሌላው ጋር የሚደባለቅ። ሌላው የታጠበው "ሊሙ" ነው፤ በስሙ የሚፈለግ፣ የተሻለ ዋጋ የሚያወጣ። ሁለቱም የሚበቅሉት ጎረቤታማቾች በሆኑ ጫካዎች ውስጥ ነው። ከልዩነቱ ትልቁን ድርሻ የሚይዘው ከተለቀመ በኋላ የሚሠራው ሥራ ነው፤ እሸቱን መምረጥ፣ በሰዓቱ መፈልፈል፣ ማጠብ፣ በአልጋ ላይ እያገላበጡ ማድረቅ።

ታሪክም እንደዚሁ ነው። ጅሬን ላይ ያለው ታሪክ ጀንፈል ነው፤ ጥሩ አስጎብኚ ይፈለፍለዋል፣ ያጥበዋል፣ ለእናንተ የሚሆነውን መርጦ ያቀርባል። መንገዱን ለማሳየት አይደለም የምትከፍሉት፤ መንገዱን ባጃጁም ያውቀዋል። የምትከፍሉት ለዓመታት ለተጠራቀመ ጥያቄና መልስ ነው።

እዚህ ላይ የገበያው ችግር ይመጣል። አስጎብኚው ምን ያህል እንደሚያውቅ እሱ ያውቃል፣ እናንተ አታውቁም። ዋጋውን ከከፈላችሁና ኮረብታው ላይ ከወጣችሁ በኋላ ነው የሚገባችሁ። ስለዚህ ሁሉም ሰው ዋጋ ብቻ እያየ ይከራከራል፤ በዋጋ ክርክር ደግሞ የሚያሸንፈው ብዙ የሚያውቀው ሳይሆን ትንሽ የሚያስከፍለው ነው። ያ ሲደጋገም የሚያውቀው ሰው ሥራውን ይተዋል። ጫና ያለው ገበያ ላይ ጥሩው ቡና ከመጥፎው ጋር ተደባልቆ በአንድ ዋጋ ሲሸጥ የሚሆነው ይኸው ነው፤ በመጨረሻ ጥሩ ቡና ለመልቀም የሚደክም ይጠፋል።

ከዚህ ለመውጣት የሚረዱ ቀላል ነገሮች አሉ።

አንደኛ፣ ከመክፈላችሁ በፊት አውሩት። ስልክ ደውላችሁ አሥር ደቂቃ አናግሩ። "ጅሬን ላይ ምን ታሳየናለህ?" ብላችሁ ጠይቁ። መልሱ "ቤተ መንግሥቱን፣ መስጊዱን፣ ከዚያ ቡና እንጠጣለን" ብቻ ከሆነ ያ ዝርዝር ነው። "ከላይኛው ሰገነት እንጀምርና ሜዳው ላይ የነበሩትን ቤቶች አሳያችኋለሁ፤ ሙዚየሙን ግን መጀመሪያ ብናይ ይሻላል" ካለ ያ ሰው አስቦበታል።

ሁለተኛ፣ "አላውቅም" ማለት የሚችል ሰው ፈልጉ። ለሁሉም ጥያቄ መልስ ያለው አስጎብኚ ያስፈራኛል። "እሱን እኔ አላውቅም፣ ግን ሰፈር ውስጥ አንድ አባት አሉ፣ እሳቸው ይነግሩናል" የሚል ሰው ካገኛችሁ ስልኩን ለጓደኛችሁም ስጡ።

ሦስተኛ፣ መታወቂያ ወይም ባጅ ካለው እዩ፤ የከተማው ወይም የዞኑ የባህልና ቱሪዝም ጽሕፈት ቤት የሚያውቀው መሆኑንም ጠይቁ። ማፈር አያስፈልግም። ፔሩ ውስጥ ታዋቂውን የኢንካ የእግር መንገድ ያለ ፈቃድ ያለው አስጎብኚ መሄድ ጨርሶ አይቻልም፤ በቀን የሚገባው ሰው ቁጥርም አስጎብኚና ዕቃ ተሸካሚ ተጨምሮ 500 ብቻ ነው። እኛ ጋ ያን ያህል ጥብቅ ነገር የለም፤ ቁጥጥሩ ያለው እናንተ እጅ ላይ ነው።

አራተኛ፣ በጣም ርካሽ ከሆነ ቀሪውን ማን እንደሚከፍል አስቡ። "እንደፈለጋችሁ ስጡኝ" የሚላችሁ ሰው ከምትበሉበት ቤትና ከምትገዙበት ሱቅ ኮሚሽን የሚያገኝ ሊሆን ይችላል። ያ ወንጀል አይደለም። ግን ቀናችሁ ከታሪኩ ይልቅ ከሱቁ ጋር ያልፋል።

ሒሳቡን እንሥራው

ለምሳሌ ያህል አንድ አስጎብኚ ለግማሽ ቀን 2,000 ብር ጠየቀ እንበል። ለምሳሌ ነው ያልኩት፤ የወቅቱን ዋጋ ደውላችሁ ጠይቁ። ብቻችሁን ከሆናችሁ 2,000 ብር ነው። አምስት ከሆናችሁ ለእያንዳንዳችሁ 400 ብር ይደርሳል። አስጎብኚው ለአንድ ሰውም ለአምስት ሰውም የሚያወጣው ጉልበት ያው ነው። አሥራ አምስት ሆናችሁ ብትሄዱ ደግሞ በጣም ይረክሳል፣ ግን ከኋላ ያሉት ምንም አይሰሙም፤ ጥያቄ የሚጠይቀው ከፊት ያለው አንድ ሰው ብቻ ይሆናል። ከአራት እስከ ስድስት ሰው ይበቃል።

"ለሦስት ሰዓት 2,000 ብር? ይሄማ ከባንክ ሠራተኛ ደመወዝ ይበልጣል!" የሚል አይጠፋም። ሒሳቡ ትክክል አይደለም። የባንክ ሠራተኛ ደንበኛ ባይመጣም ደመወዙ አይቀርም። አስጎብኚ ግን የሚከፈለው ሰው ሲመጣ ብቻ ነው። ክረምት አለ፣ መንገድ የሚዘጋበት ጊዜ አለ፣ ሳምንቱን ሙሉ ስልክ የማይጮህበት ጊዜ አለ። የምትከፍሉት ለሦስቱ ሰዓት ብቻ ሳይሆን እናንተ ስትደውሉ ስልኩን እንዲያነሳ ላደረገው ለዚያ ሁሉ የጥበቃ ቀን ነው። አራት ጓደኛሞች ካፌ ተቀምጠን ማኪያቶና ኬክ የምንከፍለውን ሳናቅማማ ከፍለን፣ ኮረብታ ላይ ሲደርስ ሃምሳ ብር ለማስቀነስ ግማሽ ሰዓት የምንከራከረው ነገር ይገርመኛል።

ይሁንና መከባበሩ እንዲቀጥል ውሉ አስቀድሞ ይለቅ። አምስት ነገር ተስማሙ፦ ስንት ሰዓት ነው? የትኞቹን ቦታዎች ያካትታል? የመግቢያ ትኬትና የባጃጅ ሒሳብ የማን ነው? በምን ቋንቋ ነው የሚያስረዳው? የምትጎበኟቸው ሽማግሌ ካሉ ምን ይዞ መሄድ ደንብ ነው? ይህን በቴሌግራም ጽፋችሁ ላኩለት፤ "እሺ" ይበላችሁ። ቀብድ ካለ በቴሌብር ይሁን፣ ደረሰኝ ይቀራል። በኋላ "እኔ እንደዚያ አላልኩም" የሚባል ነገር አይኖርም።

የሚከብደውን ጠይቁ

ጥሩ አስጎብኚ ከያዛችሁ ጥሩ ጠያቂ መሆን የእናንተ ፋንታ ነው። ስለ ንጉሡ ቁመት፣ ስለ ፈረሳቸው፣ ስለ ደግነታቸው ማንም ይነግራችኋል። ከዚያ አለፍ በሉ።

የዚህ ቤት ሀብት ከየት መጣ? ዛሬ ጅማ ከተማ የቆመችበት የሂርማታ ገበያ በ19ኛው ክፍለ ዘመን የደቡብ ምዕራቡ ንግድ እምብርት ነበር። ቡና፣ ዝባድ፣ የዝሆን ጥርስ፣ በአሞሌና በማርትሬዛ ብር ይሸጥ ነበር። ሰውም ይሸጥ ነበር። የባሪያ ንግድ ለጅማ መንግሥት ከዋና ዋና የገቢ ምንጮች አንዱ ነበር። ስለዚህ ነገር ኮረብታው ላይ ሲነገር እምብዛም አትሰሙም። በጨዋ ደንብ ጠይቁ። "አባቴ፣ ያኔ በዚህ በር የሚያልፉት ባሮች ከየት ነበር የሚመጡት?" ብሎ መጠየቅ ንጉሡን መስደብ አይደለም። ሰገነቱ ያምራል፤ የተሠራበት ገንዘብ ደግሞ ታሪክ አለው። ሁለቱንም ይዞ መውረድ ይቻላል።

ሁለተኛው ከባድ ጥያቄ ስለ ካፋ ነው። በ1897 (እ.ኤ.አ.) የምኒልክ ጦር ካፋን ሲይዝ የጅማ ጦርም አብሮ ዘምቶ ነበር። የካፋው ንጉሥ ጋኪ ሸሮቾ በዚያው ዓመት ተማረኩ፤ አንድራቻ የነበረው መቀመጫቸውም ወደመ። ጅማ ላይ "ብልህ ንጉሥ አገሩን ከጦርነት አዳነ" ተብሎ የሚተረከው ዘመን ቦንጋ ላይ ሌላ ስም አለው። ስለዚህ አቅም ካላችሁ ሁለት አስጎብኚ ያዙ፤ አንድ ጅማ፣ አንድ ቦንጋ። አንዱ ሌላውን ያርመዋል።

ትንሽ ፈገግ የሚያሰኘው ጥያቄ ደግሞ የቡና ነው። ከአጋሮ አቅራቢያ፣ ጎማ ወረዳ ውስጥ ጮጬ የምትባል መንደር አለች፤ ቡና የተገኘው እዚሁ ነው ይሏችኋል። ቦንጋ ስትደርሱ፣ የብሔራዊ ቡና ሙዚየም ያለባት ከተማ፣ "ማን ነው እንዲያ ያለው?" ብለው ማኪራ የሚባል ቦታ ይጠቁሟችኋል። ክርክሩን ለመፍታት አትሞክሩ፤ ሁለቱም ጋ ቡናው ይቀዳላችኋል። ግን ሁለቱም ለምን እንደዚያ እንደሚሉ፣ ማስረጃችሁ ምንድን ነው ስትሏቸው ምን እንደሚያሳዩዋችሁ ልብ በሉ። ከብዙ መጽሐፍ የበለጠ ትማራላችሁ።

መቼ፣ ስንት ቀን?

ጅማ ዝናብ አይሰስትባትም። ከግንቦት እስከ መስከረም ኮረብታው ጭቃ ነው። ከጥቅምት እስከ የካቲት ያለው ይመረጣል። ከዚያም ውስጥ ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ የቡና ለቀማ ነው፤ እሸት ቡናው ቀይ ሆኖ፣ ማጠቢያዎቹ ሥራ ላይ ሆነው፣ አየሩ ሁሉ ቡና ቡና እየሸተተ ታገኙታላችሁ። አንድ ነገር ግን አስቡ፦ አስጎብኚያችሁ የቡና አርሶ አደር ልጅ ከሆነ ያ ወቅት ለቤተሰቡም ሥራ የሚበዛበት ነው። ቀድማችሁ ንገሩት፤ በመጨረሻ ሰዓት ደውላችሁ "ነገ ና" አትበሉት።

ቀኑን በሐሙስ ላይ አንጠልጥሉት። ሐሙስ የሂርማታ የቆየ የገበያ ቀን ነው። ለምሳሌ ረቡዕ ጅማ ግቡ። ከአዲስ አበባ በወልቂጤ በኩል 350 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ በአውቶቡስ የጊቤን በረሃ ቁልቁል ወርዶ መውጣት አለው፤ ገንዘብ ካላችሁ ደግሞ በአውሮፕላን ከአንድ ሰዓት በታች ነው፣ አውሮፕላን ማረፊያውም የተሰየመው በአባ ጅፋር ነው። ከሰዓት በኋላ ሙዚየሙን እዩ። ሐሙስ በጠዋት፣ ፀሐይ ሳትበረታ፣ ጅሬን ውጡ። ጉልበት ያለው በእግር ሁለት ሰዓት ገደማ ይወስድበታል፤ የሌለው በባጃጅ። ከሰዓት ገበያው ውስጥ ግቡ፤ ጠዋት ከላይ ያያችሁት ቤት በምን ንግድ እንደኖረ ከታች ታዩታላችሁ። ዓርብ ወደ አጋሮ ተጓዙ፤ 45 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ ጮጬን፣ ቢቻል አንድ ቡና ማጠቢያ እዩ። ወደ ቦንጋ የምትቀጥሉ ከሆነ ከጅማ 100 ኪሎ ሜትር ትንሽ አለፍ ይላል፤ ሁለት ቀን ጨምሩበት፤ ጫካው ዩኔስኮ በ2010 (እ.ኤ.አ.) የባዮስፌር ክልል ብሎ የመዘገበው ነው።

መስጊዱን ዓርብ ቀትር ላይ ለጉብኝት አትምረጡ፤ የሰጋጁ ሰዓት ነው። በሌላውም ጊዜ አስጎብኚያችሁ አስቀድሞ ያስፈቅድ፤ ሴትም ወንድም የሚሸፍን ልብስ ይልበስ። ከመነሳታችሁ በፊት ደግሞ የመንገዱን ሁኔታ የዚያኑ ሳምንት ጠይቁ። ለዚህም ቢሆን ከማንም የዜና ገጽ ይልቅ እዚያው የሚኖረው አስጎብኚያችሁ የተሻለ ያውቃል።

ስለ ስልካችን

የመጨረሻው ነገር ቲክቶክ ነው። ኮረብታውን ቅረጹ፣ ሰገነቱን ቅረጹ፣ ራሳችሁን ቅረጹ። የአስጎብኚውን ትረካ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ቀርጻችሁ ከመልቀቃችሁ በፊት ግን ጠይቁት። የእሱ ሱቅ ያ ትረካ ነው። ሙሉውን በነፃ ከለቀቃችሁት ለሚቀጥለው ጎብኚ የሚሸጠውን ወስዳችሁበታል። አንድ ደቂቃ ልቀቁ፣ ፈቃደኛ ከሆነ ስሙንና ስልኩን ከሥሩ ጻፉ። ያኔ ቪዲዮአችሁ ለእሱ ማስታወቂያ ይሆናል።

ሽማግሌ ከሆኑ ደግሞ ነገሩ ይለያል። አንድ አባት ከአባታቸው የሰሙትን ሲነግሯችሁ፣ ካስፈቀዳችሁ በኋላ ድምፃቸውን በደንብ ቅዱ። ቀኑን፣ ቦታውን፣ የተናጋሪውን ስም መዝግባችሁ አንድ ቅጂ ለቤተሰባቸው፣ አንድ ቅጂ ለአስጎብኚው ስጡ። ከተቻለ ጅማ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ የታሪክ ትምህርት የሚያጠና ጓደኛ ካላችሁ ለእሱም። ስልካችሁ በዚያ ቀን ከማንኛውም ፎቶ የሚበልጥ ነገር ሠራ ማለት ነው።

የጎንደር ግንብ እኛ ባንሄድበትም ነገ ይቆማል። ጅሬን ላይ ግን የሚቆመው እንጨቱ ብቻ ነው፤ የተቀረውን ሰዎች ተሸክመውት ነው ያሉት፤ የሚሸከሙትም የሚሰማቸውና የሚከፍላቸው ሲኖር ነው። ጥቅምት ሲመጣ አራት ጓደኛ ሰብስቡ፣ መጀመሪያ አስጎብኚው ጋ ደውሉ፣ ከዚያ ትኬቱን ቁረጡ።